የመተሐራ ባቡር ጣቢያን በ2 ሜትር መደብ ላይ መሥራት

የባቡር ሞዴል የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ ሎኮሞቲቭ ይገዛል፣ ሐዲዱን ክብ አድርጎ ይዘረጋል፣ ባቡሩን ያዞራል። ከዚያ ይሰለቸዋል። የገጠር ጣቢያ ሞዴል ላይ ግን ዋናው ቦታው ነው። ባቡሩ መጥቶ፣ ቆሞ፣ ፉርጎ ጥሎ የሚሄድ እንግዳ ነው። ስለዚህ ከገንዘባችሁም ከጊዜያችሁም አብዛኛውን ለምድሩ፣ ጥቂቱን ለባቡሩ መድቡ።

ለዚህ መመሪያ የመረጥኩት በድሮው የጂቡቲ መስመር ላይ ያለችውን መተሐራን ነው። ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙራችሁ ብትቆሙ ከኋላዋ ፈንታሌ ተራራ አለ፤ ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,007 ሜትር ነው። በግራ፣ ወደ አዲስ አበባ በኩል፣ የበሰቃ ሐይቅ አለ። በመሀል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተዘርግቷል። በቀኝ መስመሩ ወደ አዋሽና ወደ ድሬዳዋ ይሄዳል። ጣቢያ ትንሽ፣ ምድር ትልቅ። ለሞዴል ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

መጀመሪያ ዘመን ምረጡ

መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ስለዚህ ሰፊ ምርጫ አላችሁ። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የሚወድ ወደ ኋላ ይሂድ። ሊቶሪና፣ ማለትም ሞተሩ በራሱ ውስጥ ያለ የመንገደኛ ፉርጎ፣ የሚወድ ከጣሊያን ወረራ ጊዜ ጀምሮ ያለውን ይያዝ፤ የፊያቶቹ ሊቶሪናዎች የመጡት ያኔ ነው።

ዘመኑ ሐይቁንም ይወስናል። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። በሰቃ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ትንሽ ውሃ ነበረች። ከዚያ እያደገች ከ40 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሆነች፤ ውሃው መንገዱንም ሐዲዱንም ተፈታተነ፤ መደልድሉን ከፍ ማድረግ የግድ ሆነ። እንግዲህ እ.ኤ.አ. የ1940ዎቹን ጣቢያ ሠርታችሁ ባቡሩን በውሃ መሀል ብታሳልፉት ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይታዘባችኋል። እኔ የምመክረው እ.ኤ.አ. 1990ዎቹን ነው። ናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ የመንገደኛ ፉርጎዎች፣ የጭነት ፉርጎዎች፣ እና ሐዲዱን የሚነካ ሐይቅ ታገኛላችሁ።

ልኬት

የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። በ1፡87 ልኬት፣ ማለትም ሁሉ ነገር 87 ጊዜ ሲያንስ፣ 11.5 ሚ.ሜ. ይመጣል። በገበያ ያለው 12 ሚ.ሜ. ስለሆነ ልዩነቱ ዓይን አይገባም። ይህ ዓይነት ሐዲድ ኤችኦኤም (H0m) ይባላል፤ ፔኮ፣ ቤሞና ቲሊግ የሚባሉ የሞዴል ፋብሪካዎች ይሠሩታል። ስትገዙ «ኤም» የምትለዋን ፊደል አትርሱ። ያለ እሷ የሚመጣላችሁ 16.5 ሚ.ሜ. ነው፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ለተመረቀው ለአዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር እንጂ ለድሮው አይሆንም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ዕቃውን ከአውሮፓ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ማስመጣት ሳይሻል አይቀርም። ሐዲዱ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ በካርቶን ቱቦ ውስጥ ይጠቅለል። ሌላው ሁሉ እዚሁ ይገኛል።

መደቡ

እያንዳንዳቸው 100 በ50 ሴ.ሜ. የሆኑ ሁለት መደቦች ሥሩ። ከታች ሞራሌ፣ ከላይ 9 ሚ.ሜ. ኮምፔርሳቶ። ሞራሌውን ስትመርጡ በዓይናችሁ በርዝመቱ አስተውሉት፤ የተጣመመ ከሆነ ሻጩ የፈለገውን ቢል አትውሰዱ። ሁለቱ መደቦች በሁለት ቡሎን ይጋጠሙ። መገንጠል መቻላቸው ጥሩ ነው፤ ቤት ስትለቁ በታክሲ ይሄዳሉ።

ከኮምፔርሳቶው በላይ 5 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው ፎም በነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፉ። ማስቲሽ እንዳትጠቀሙ፤ ፎሙን ይበላዋል። የሚረጭ ቀለምም እንደዚሁ። ፎም ያስፈለገው ሐይቁን ወደ ታች ለመቆፈር ነው። ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ የተሠራ ሐይቅ የፈሰሰ ውሃ ይመስላል።

መደቡ ከወለል 115 ሴ.ሜ. ያህል ከፍ ይበል። ዝቅ ካለ ሞዴሉን የምታዩት እንደ አሞራ ከላይ ነው። ከፍ ሲል ዓይናችሁ ከጣቢያው ጣሪያ ብዙም አይርቅም፣ ተራራውም ተራራ ይሆናል።

ሐዲዱ የት ይለፍ?

እውነተኛ ጣቢያ ላይ 300 ሜትር የሆነ መተላለፊያ ሐዲድ፣ ማለትም ሁለት ባቡር የሚተላለፍበት ሁለተኛ ሐዲድ፣ በ1፡87 ወደ 3.45 ሜትር ይሆናል። አይገባልንም። ስለዚህ መጨናነቅ አለበት። ስሌቱን ከባቡሩ ጀምሩ። ሎኮሞቲቭ 16 ሴ.ሜ.፣ አራት ፉርጎ በ11.5 ሴ.ሜ.፣ ድምሩ 62 ሴ.ሜ. ነው። ትንሽ መፈናፈኛ ጨምሩና 80 አድርጉት። በሁለቱም ጫፍ ያሉት፣ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት መቀየሪያዎች እያንዳንዳቸው 20 ሴ.ሜ. ገደማ ይበላሉ። ጠቅላላው 120 ሴ.ሜ. ነው።

አሁን ግድግዳ የሚሸፍን ወረቀት አንጥፉና በእውነተኛው መጠን ሳሉ። ከግራ ጀምሮ 60 ሴ.ሜ. ለሐይቁ ተዉት። እዚያ አንድ ነጠላ ሐዲድ ብቻ በመደልድል ላይ ይለፍ። ከዚያ ጣቢያው ይጀምራል፦ ከኋላ ከቤቱ ፊት ዋናው ሐዲድ፣ ከፊቱ መተላለፊያው፣ ከሁሉም ፊት ለእናንተ ቅርብ የሆነው 50 ሴ.ሜ. የጭነት ሐዲድ። የጭነት ሐዲዱ ከመተላለፊያው በቀኝ በኩል ይገንጠል፤ የተዘጋው ጫፉ ወደ ግራ፣ ወደ አዲስ አበባ ይመልከት። ለምን እንደሆነ ባቡሩን ስናንቀሳቅስ ይገባችኋል።

ሦስት መቀየሪያ። በቃ። አራተኛ ለመጨመር እጃችሁ ይበላችኋል፤ አትጨምሩ። ሐዲድ በበዛ ቁጥር መተሐራነቱ ይጠፋና ድሬዳዋ ይሆንባችኋል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሐዲዱ ከመደቡ ጠርዝ ጋር ትይዩ አይሁን። አንዱን ጫፍ 4 ወይም 5 ሴ.ሜ. ወደ ኋላ አዘንብሉት። ይህች ብቻ መደቡን መደርደሪያ ከመምሰል ታድነዋለች። ሁለተኛ፣ መቀየሪያ በመደቦቹ መጋጠሚያ ላይ እንዳይውል። በነገርኳችሁ ልክ ከሠራችሁ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ቀጥ ያለ ሐዲድ ብቻ ነው።

ባቡሩ የሚመጣበትና የሚሄድበት ቦታም ያስፈልጋል። በሁለቱም ጎን 70 ሴ.ሜ. ጣውላ ላይ አንድ አንድ ሐዲድ ለጥፉና እንደ ተንቀሳቃሽ መደርደሪያ አስጠጉት። ባቡሩ እዚያ ላይ ይወጣል፤ ጣውላውን አንስታችሁ ሌላ ባቡር ያለበትን ታስገባላችሁ።

ማንጠፍና ኤሌክትሪክ

ከሐዲዱ ሥር 3 ሚ.ሜ. ቡሽ ወይም ስስ ፎም አንጥፉ። ድምፅ ይቀንሳል፣ መደልድሉንም ያሳያል። ሐዲዱን መጀመሪያ በስፒል ብቻ ያዙት። ኮላ አትቸኩሉ። መጋጠሚያው ላይ ሐዲዱ የሚቆረጥበት ቦታ ከእያንዳንዱ ሐዲድ ሥር የነሐስ ብሎን አስገቡና ሐዲዱን በብሎኑ ራስ ላይ በዩት። አለዚያ አንድ ቀን ልብስ ይይዘውና ይነቀላል።

መቆጣጠሪያው ከ0 እስከ 12 ቮልት ዲሲ የሚሰጥ ይሁን። ራሱ ፈጣሪ ሆኖ ከ220 ቮልት ሶኬት በቀጥታ የሚስብ ነገር ማንም አይሞክር፤ የተዘጋጀ አዳፕተር ግዙ። ከመደቡ ሥር ሁለት ወፈር ያሉ ሽቦዎች ከዳር እስከ ዳር ይለፉ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ከዚያ ከእያንዳንዱ የሐዲድ ቁራጭ ቀጭን ሽቦ ወደ ታች ይውረድ። የሐዲድ ቁራጮችን በሚያገናኘው ማያያዣ ብቻ የተማመነ ሰው ከዓመት በኋላ ባቡሩ የትም ይቆምበታል፤ ማያያዣ ዝገትና ቀለም ይገባዋል።

የመቀየሪያው መሀል ያለው መስቀለኛ ብረት ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ዓይነት ከሆነ፣ ከእሱ በኋላ በሁለቱ የውስጥ ሐዲዶች ላይ የፕላስቲክ ማያያዣ አድርጉ። ካልተደረገ ሁለቱ መቀየሪያዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሾርት ይፈጥራሉ።

ጠጠር ከመነስነሳችሁ በፊት አንድ ምሽት ሙሉ ባቡር አንቀሳቅሱበት። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ በዝግታ። የሚወጣ ጎማ ካለ አሁኑኑ ይውጣ።

ቀጥሎ ሐዲዱን ቀለም ቀቡት። በዚህ መስመር ላይ ሐዲዱን የሚሸከሙት አግዳሚዎች የብረት ናቸው። ስለዚህ የሞዴሉን አግዳሚ የእንጨት ቡኒ ሳይሆን የዝገት ቡኒ አድርጉት። ቀለሙ ሳይደርቅ የሐዲዱን አናት በጨርቅ ጥረጉ።

ጠጠር፣ እና ስለ ማግኔት

እውነተኛው ጠጠር 4 ወይም 5 ሴ.ሜ. ነው፤ በእኛ ልኬት ግማሽ ሚሊ ሜትር። የሻይ ማጥለያ ይለየዋል። ድንጋዩን ከየትም አምጡ፤ ለብሎኬት የሚውለው ቀይ አሽና ጥቁሩ ዓይነት ተፈጭቶ ግሩም ይሆናል። ግን መጀመሪያ ማግኔት በወረቀት ጠቅልሉና በዱቄቱ ውስጥ አንሸራሽሩት። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ብረት ያለበት ማዕድን ይይዛል። ማግኔቱ ላይ ጥቁር ጢም ከበቀለ ያ አሸዋ ሐዲድ አጠገብ አይደርስም፤ የሎኮሞቲቩ ሞተር ውስጥም ማግኔት አለና ስቦ ያስገባዋል፣ ከዚያ ሞተሩን ደህና ሁን በሉት። ማግኔት የሚስበውን ራቅ ላለው ምድር ተጠቀሙበት።

ጠጠሩን በማንኪያ አፍስሱ፣ በለስላሳ ብሩሽ አስተካክሉ። በሐዲዱ የውስጥ ጎን ጎማ የሚያልፍበት ቦታ ላይ አንዲት ፍሬ እንዳትቀር። ውሃ በመርጫ እንደ ጉም ንፉበት። ነጭ ኮላና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅሉ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ፣ ከፋርማሲ በገዛችሁት ስሪንጅ አጠጡት። ሳሙናው ባይኖር ኮላው ጠጠሩ ላይ ተንከባሎ ይቀራል። መቀየሪያው የሚንቀሳቀስበት አካባቢ ኮላ አይነካም፤ እዚያ ቀለም ብቻ ይበቃል። እስከ ማግስቱ አትንኩት።

ጥቁሩ ድንጋይና ሐይቁ

ቀይ አሹን በመዶሻ ሰባብሩ። ከግማሽ እስከ 3 ሴ.ሜ. የሆኑ ሾጣጣ ቁራጮች ያስፈልጋሉ። በውጭ ያላችሁ ለአትክልት ቦታ በከረጢት የሚሸጠውን የላቫ ድንጋይ ግዙ። ትልልቆቹን መጀመሪያ ፎሙ ላይ በጀሶ ትከሉ፣ ክፍተቱን በትንንሾቹ ሙሉ። ሰው እንደደረደረው ግንብ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ የፈሰሰ ነገር ነውና አቅጣጫ ይኑረው፣ ከፈንታሌ ወደ እናንተ። ንጹሕ ጥቁር አትቀቡት። ጥቁር ግራጫ ቀቡና ሲደርቅ በደረቀ ብሩሽ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ጫፍ ጫፉን ብቻ ዳብሱት። ድንጋዩ ያኔ ነፍስ ይዘራል።

ለሌላው ምድር የቡና አተላ የሚያህል ነገር የለም። ቀለሙም ቅንጣቱም ልክ ነው። ግን ምጣድ ላይ አውጡና ድርቅ እስኪል አምሱት። እርጥበት የቀረበት አተላ ሻጋታ ያበቅላል። የቆላ አፈር ከቡና አተላ ይልቅ ገርጣ ያለ ስለሆነ በላዩ የተነፋ አመድማ አቧራ አክሉበት። ሣሩ ደረቅ ነው። ቃጫ በመቀስ 4 ሚ.ሜ. እያደረጋችሁ ቁረጡና በኮላ ነጥብ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ሣሩን ሁሉ ቦታ አትዝሩ፤ እዚህም እዚያም ይሁን።

ሐይቁ ከሐዲዱ 3 ሴ.ሜ. ዝቅ ይላል። መሬቱን በጀሶ ለስልሱ። መሀሉን ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሰማያዊ፣ ዳሩን ፈዛዛ ቀቡ። የበሰቃ ውሃ ጨዋማ ነው፤ ዳርቻው ላይ ነጭ ቀለም በደረቅ ብሩሽ በቀጭኑ አስኪዱበት። የሞቱ ግራሮች ውሃ ውስጥ ቆመው ይታያሉና ቅጠል የሌላቸውን ዛፎች ውሃው ከመፍሰሱ በፊት ትከሉ። ከዚያ ኢፖክሲ (ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚሆን ፈሳሽ)፣ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚ.ሜ. ሳይበልጥ። ኢፖክሲ ቀዳዳ ይፈልጋል። የመርፌ ቀዳዳ ታህል ካገኘ ወለላችሁ ላይ ታገኙታላችሁ፤ ዳር ዳሩን ቀድማችሁ በኮላ ድፈኑ። ኢፖክሲ ያልተገኘለት ግልጽ ቨርኒሽ ሦስት አራት ጊዜ ይቀባ፣ በጣም አይከፋም።

ግራር

ጥሩ ግራር ከሌለ መተሐራ የለም። አሮጌ የስልክ ወይም የኔትወርክ ኬብል ልጣችሁ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች አውጡ። 16 ሽቦ በ14 ሴ.ሜ. ቁረጡ። ከታች 2 ሴ.ሜ. ለሥር ትታችሁ 3 ሴ.ሜ. ያህል አንድ ላይ ጠምዝዙ፤ ይህ ግንድ ነው። ከዚያ ለሁለት ስምንት ስምንት ክፈሉ፣ ጠምዝዙ። እንደገና አራት አራት፣ እንደገና ሁለት ሁለት አድርጉ። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይሽሽ። መጨረሻ ላይ የሁሉንም ጫፍ በመቀስ በአንድ ደረጃ ቁረጡ። ጠፍጣፋ ጃንጥላ ወጣ። ቁመቱ ከመሬት 8 ሴ.ሜ. ከሆነ 7 ሜትር ዛፍ ነው።

ግንዱን በኮላና በጀሶ ድብልቅ ቀቡ፣ ሲደርቅ ግራጫ ቡኒ። ለቅጠሉ ስፖንጅ በጣም አድቅቃችሁ ፍጩና በአረንጓዴ አክሬሊክ ንከሩ፤ አረንጓዴው ላይ ቢጫና ትንሽ ግራጫ ጣሉበት። የጃንጥላውን አናት ብቻ ኮላ አስነክታችሁ በስፖንጁ ላይ ድፉት። ከሥር ሲታይ ሰማይ መታየት አለበት። የግራር ቅጠል ስስ ነው። ሰባት ስምንት ዛፍ ለመላው መደብ ይበቃል፤ ሁለቱን ከፊት አድርጉ፣ ትንንሾቹን ከኋላ።

ጣቢያ ቤቱ

የጣቢያውን ፕላን ሳታገኙም መለካት ይቻላል። ከፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ያዙና በሩ 2.1 ሜትር ነው ብላችሁ ገምቱ። ፎቶው ላይ በሩ 3 ሴ.ሜ.፣ ግድግዳው 18 ሴ.ሜ. ከሆነ ቤቱ 12.6 ሜትር ይረዝማል፤ በሞዴል 14.5 ሴ.ሜ.። ግድግዳውን ከ2 ሚ.ሜ. ካርቶን ቁረጡ፣ በአዲስ ካተር፣ በብረት ማስመሪያ፣ በአንድ ግፊት ሳይሆን በተደጋጋሚ።

ጣሪያው ላይ ቆም እንበል፤ ሞዴሉን ከላይ የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቆርቆሮውን ነው። የቆርቆሮ ሞገድ ከአናት እስከ አናት 76 ሚ.ሜ. ነው፤ በ1፡87 ከ0.9 ሚ.ሜ. ትንሽ ያንሳል። የ5 ሚሊ ሜትር ቡሎን ጥርስ ደግሞ በየ0.8 ሚ.ሜ. ነው። ሥራው ተሠርቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ወፈር ያለ የአልሙኒየም ፎይል ላጲስ በመሰለ ጎማ ላይ አንጥፉ፣ ቡሎኑን በላዩ እንደ መዳመጫ እየተጫናችሁ አንከባሉት። ፎይሉ ላይ ሞገዱ ይወጣል። አሁን 23 በ9 ሚ.ሜ. እያደረጋችሁ ቁረጡ፤ ያ 2 ሜትር ቆርቆሮ ነው። አንድ በአንድ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጠርዝ በጠርዝ ላይ እያነባበራችሁ ለጥፉ። አሰልቺ ነው። ግን አንድ ወጥ ጣሪያ ቆርቆሮ አይመስልም። ጥቂቶቹን ዝገት ቀቡ፣ አንዱን አዲስ ተዉት፣ አንዱን ትንሽ ጠማማ።

የጣቢያው ስም ሰሌዳ 23 በ6 ሚ.ሜ. ይሁን፤ በአማርኛና በላቲን ፊደል አትማችሁ ካርቶን ላይ ለጥፉት። የውሃ ጋኑን ከመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን ሥሩ። የሰው ቁመት 2 ሴ.ሜ. ነው። ከአሥር ሰው አይብለጥ፤ ባቡር በሌለበት ሰዓት ሰው የሚቆመው ጥላ ባለበት ነው፣ እናንተም እዚያው አቁሟቸው። አንድ የከረዩ አርብቶ አደር ከሁለት ግመሎቹ ጋር ሐዲዱን ለመሻገር ይጠብቅ።

ፈንታሌን በጀርባው ካርቶን ላይ ሳሉት። ከምታስቡት በላይ ፈዛዛ፣ ከምታስቡት በታች አጭር። የሩቅ ተራራ ቀለም የለውም፤ ሰማዩ ላይ ትንሽ ግራጫ የተጨመረበት ነው።

ባቡሩ

የቤሞ ሎኮሞቲቮች የስዊዘርላንድ የሜትር ሐዲድ ባቡሮች ሞዴል ናቸው። ከሥር ያለው ሞተርና ጎማ ለእኛም ይሆናል። ያገለገለ ግዙ፣ አካሉን አውልቁ፣ ከካርቶንና ከፕላስቲክ የራሳችሁን አካል ሥሩለት። ለመጀመሪያ ጊዜ ናፍጣ ይቀላል፤ ሣጥን ነው። የዚህ መስመር የመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ከስዊዘርላንዱ የቪንተርቱር ፋብሪካ የመጡ ናቸውና ዝምድናውም ያን ያህል የራቀ አይደለም። ቀለሙን ከመረጣችሁት ዘመን ፎቶ ላይ ውሰዱ፤ ከዚያ በአቧራ ቀለም አደብዝዙት። በቆላ የሚያብረቀርቅ ባቡር የለም።

ማንቀሳቀስ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ የጭነት ባቡር በመተላለፊያው ይገባል። የመጨረሻውን ፉርጎ መጣል ይፈልጋል። የጭነት ሐዲዱን መቀየሪያ አልፎ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ፉርጎውን ይጥላል፣ ይሄዳል። ቀላል ነው።

ከድሬዳዋ ሲመጣ ግን ሎኮሞቲቩ ከፉርጎው በተሳሳተ ጎን ይገኛል። መፍታት፣ በዋናው ሐዲድ ዞሮ ከኋላ መምጣት፣ ከዚያ መግፋት አለበት። ይህ ሁሉ ሲሆን የመንገደኛ ባቡር ከአዲስ አበባ በኩል እየመጣ ከሆነ ዋናው ሐዲድ መለቀቅ አለበት። ማን ይቅደም? እዚህ ላይ የጣቢያ ኃላፊው እናንተ ናችሁ። ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ፤ ከሰው እርምጃ ትንሽ ፈጠን ያለ ይበቃል።

በየጊዜው የሐዲዱን አናት በጥጥ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉ። የብርጭቆ ወረቀት አትጠቀሙ፤ ሐዲዱን ይቧጥጥና ቆሻሻ የሚይዝበት ቦታ ያበጅለታል። ሳትጠቀሙበት ስትቀሩ ቀለል ያለ ነጠላ ወይም አንሶላ ይልበስ፣ ግራሮቹን እንዳይጫን ከአራት ማዕዘን በሽቦ ከፍ ተደርጎ።